በአፕ የተገኙ ሽማግሌዎች

ሐሙስ

ከአዳማ እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌም አልፎ እስከ ጨረቃ ድረስ ስልክ እንደ እኔ የሚታዘዝለት ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ሰፈሬ ውስጥ ስልኩ የታመመበት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚያመጣው። እኔም ተቀብዬ አጠፋዋለሁ፣ መልሼ አበራዋለሁ፤ ግማሹ ይድናል። ስለዚህ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ሻንጣዬን ለመሸከም የተሻሙትን ሰዎች ገፋ አድርጌ ስልኬን አወጣሁ። አገሬ የምጠቀምበትን የታክሲ አፕ ከፈትኩና ነካ ነካ አደረግሁት። መኪናው እየመጣ ነው አለኝ። ተሸካሚዎቹን አየት አደረግኋቸው፤ የሠለጠነ ሰው አይታችሁ እንደሆነ ዛሬ እዩ በሚል ዓይን።

ብዙም ሳይቆይ ሾፌሩ ደወለ።

«በሩ ላይ ነኝ» አለ።

ግራና ቀኝ አየሁ። «የቱ በር?»

«አረንጓዴው የቆርቆሮ በር። ውሻው እየጮኸብኝ ነው፣ ቶሎ ውጣ።»

አረንጓዴ የቆርቆሮ በርና የሚጮህ ውሻ ያለው አዳማ ነው። ስልኬ የጠራው መኪና ከእኔ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ጠዋት ሳይሆን ትናንት ዘግቼው የወጣሁት በር ላይ ቆሟል። ኮምቦልቻ መሆኔን አስረዳሁት። ሰውዬው «ታዲያ ስንት ሰዓት ትደርሳለህ?» አለኝ። ሻንጣዬን ወስጄ ገፋ ላደረግኋቸው ተሸካሚዎች ሰጠሁ።

ወደዚህ አገር ያመጣኝ ሽምግልና ነው። እናቱም አባቱም የሞቱበት የወንድሜ አንድ ልጅ ናሆም፣ አዳማ ፋብሪካ ውስጥ አብራው የምትሠራ ሰብለ የምትባል የደሴ ልጅ ወድዷል። አባቷ አቶ ይማም ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው የሚኖሩት። ባለፈው ክረምት ሽማግሌ ይመጣል ተብሎ ዘመድ ሰብስበው፣ ቤት አዘጋጅተው ቢጠብቁ፣ መንገድ ተዘግቶ ማንም ሳይደርስ ቀረ። ሰውዬው ተቀየሙ። በልመና ብዛት አንድ ቀጠሮ ጨመሩ፤ ቅዳሜ ጠዋት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ የሚባል በሬ ላይ እንዳላይ ብለዋል። ናሆም ይህን ሰምቶ ለሁለት ሳምንት ምግብ አልቀመሰም፤ እሺ፣ ሁለት ቀን ይሆናል።

እኔ ቀድሜ በአውቶቡስ እንድሄድና ለደሴ ቅርብ የሆነችው ኮምቦልቻ ላይ ማረፊያ እንዳዘጋጅ፣ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን አቶ ደረጀና አቶ ታምሩ ደግሞ ዓርብ በአቶ ደረጀ መኪና እንዲከተሉኝ ተስማማን። ሽማግሌ ቢያንስ ሦስት ነውና።

መንገዱንም ልንገራችሁ፤ አዲስ አበባ አድሬ ዛሬ ማለዳ በአውቶቡስ ተነሣን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ አውቶቡሱን ዋጠው፤ ሾፌራችን በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው የሚነዳ ነበር የሚመስለው። ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ የአዳማ ፀሐይ ከኋላ ተከትላኝ የመጣች መሰለኝና ደስ አለኝ። ከሚሴ ላይ የግመል ወተት ቀረበ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ላልለመደ ያስቸግራል ቢሉኝ፣ እኔ ያልለመድኩት ነገር ገና አልተፈጠረም አልኳቸው። ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ አውቶቡሱን እየደጋገምኩ አስቆምኩት። ሰው ያጉረመርማል ብዬ ስሸማቀቅ አንዲት እናት ጨውና ሎሚ በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ፤ ሾፌሩም ቁጥቋጦ ያለበትን ቦታ እየመረጠ ያቆምልኝ ጀመር። የእኛ አገር ሾፌር ቢሆን ሻንጣዬን ከኋላዬ ወርውሮልኝ ይሄድ ነበር።

ዓርብ

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ ዘሃራ ይባላሉ። ስልሳ የሚጠጉ፣ ስልካቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ ሴት ናቸው። በሆዴ ጉዳይ ሌሊቱን ስመላለስ ሰምተው ኖሮ ጠዋት በሬን አንኳኩተው፣ ያልጠየቅሁትን የሩዝ ገንፎ አስቀምጠው ሄዱ። ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት ስላቸው የሰደብኳቸው ያህል አዘኑ።

የቀኑ ወሬ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የአቶ ደረጀ መኪና ደብረ ሲና ላይ ማርሹ ተሰብሮ ቆሟል። በአውቶቡስ ኑ አልኳቸው። አቶ ደረጀ ያቺን መኪና ከሚስቱ አስበልጦ ነው የሚወዳት፤ በጎታች አስይዞ ወደ ኋላ ሊመልሳት ነው፣ አቶ ታምሩም ብቻውን አይተወውም። እንግዲህ ነገ ጠዋት የአቶ ይማም በር ላይ የምቆመው እኔ ብቻ ልሆን ነው።

ወይዘሮ ዘሃራ ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ። ነገርኳቸው። ወንድማቸው ቢኖር አብሮኝ ይሄድ እንደነበር፣ ግን ጂዳ እንዳለ ነገሩኝና አሰቡ።

«ብቻህን ከቆምክ ልጅ የምትጠይቅ አትመስልም፤ ዕርዳታ የምትጠይቅ ነው የምትመስል» አሉ። «ግን አብሽር። ኢንሻአላህ መንገድ ላይ ነገር አይጠፋም።»

አቶ ይማም ሙስሊም ናቸው ወይስ ክርስቲያን ብዬም ጠየቅኋቸው፤ ስማቸው ግራ አጋብቶኝ ነበር። ወይዘሮ ዘሃራ ሳቁብኝ። እዚህ አገር በስም ሃይማኖት የሚገምት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሳሳት ይውላል አሉኝ። አቶ ይማም ክርስቲያን ናቸው። የወይዘሮ ዘሃራ የገዛ አጎት ደግሞ ኃይሌ ይባላሉ፤ ጾማቸው ረመዳን ነው።

ከዚያ በቆዳ ጃኬት ሽምግልና አይኬድም ብለው ከቁም ሳጥን አንድ ጋቢ አወጡ። የሟች ባለቤታቸው ነው። ተለብሶ ከወጣ ዓመታት እንዳለፉት ከእጥፋቱ ያስታውቃል። አልወስድም ብል ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና ራቅ ብለው አዩኝ። አንገታቸውን ነቀነቁ።

የመኪናውንም ነገር ያቀኑት እሳቸው ናቸው። ለካ ኮምቦልቻና ደሴ የራሳቸው አፕ አላቸው። አንዱ ከተማ እያደረ ሌላው የሚሠራ ባለመኪና ሁሉ ማታ ማታ ነገ ጠዋት ወደ ደሴ፣ ሁለት ወንበር አለኝ ብሎ ያወጣል፤ መንገደኛው አይቶ ይይዛል፣ ነዳጁን ይካፈላሉ። እኔ ይህን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አዳማ ላይ ብቻውን የሚነዳ ሰው፣ ጎረቤቱን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያይ መስኮቱን ዘግቶ መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ በጥሞና መመልከት ይጀምራል። እዚህ የማያውቁትን ሰው ማታ በስልክ ተቀጣጥረው፣ ጠዋት በር ድረስ መጥተው ይጭኑታል።

«ሰውዬው ምን ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አልኳቸው።

«ኮከቡን እይ። እሱም ያንተን ያያል። አንተ ገና ኮከብ የለህም፤ ያዘነልህ ይወስድሃል።»

ሰይድ የሚባል ሰው አዘነልኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ጋቢዬን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። ስልኬ ላይ ያለችው ትንሽ መኪና ወደ እኔ መምጣት ትታ ባለችበት መሽከርከር ጀመረች። ወዲያው ሰይድ ደወለ። ካርታው ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነህ ይለኛል፣ ውስጥ ከሆንክ ውጣ አለኝ። ፊት ለፊቴ ስላለው የቀለም መደብር፣ ስለ መብራት ምሰሶው፣ ስለ አንድ ነጭ አህያ በዝርዝር አስረዳሁት።

«እሱን ተወውና የማን እንግዳ ነህ?» አለ።

«የወይዘሮ ዘሃራ።»

«ይኼንን ከመጀመሪያ አትልም?» አለና ስልኩን ዘጋው። ነጭ ቪትዝ መኪና ከማዕዘኑ ዞራ ብቅ አለች። በዓለም ላይ ሳተላይት ያመጠቁት ሰዎች ያን ሁሉ ከሚደክሙ ወይዘሮ ዘሃራን ቢጠይቁ ይሻላቸው ነበር።

ሰይድ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ደሴ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ያለው ቀጭን ሰው ነው። ፊት ወንበር ላይ አንድ ቄስ ተቀምጠዋል፤ ቄስ ሞላ ይባላሉ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው ጧፍ ሊገዙ ወደ ደሴ የሚሄዱ። እሳቸውም በአፕ ነው የመጡት። ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው በአንድ ጣት ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ሳይ ስለ እኔና ስለ ጨረቃ ያልኩት ሁሉ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ለሾፌሮች ስንት ኮከብ እንደሚሰጡ ጠየቅኋቸው።

«አምስት» አሉ። «ነፍስ ገድሎ ንስሐ የገባ ስፈታ የኖርኩ ሰውዬ ለሾፌር ኮከብ ልንፈግ?»

ከዚያ የሐረጎ ዳገት መጣ። የአዳማ ልጅ መሆኔን አንባቢ ይያዝልኝ። እኛ ዘንድ ዳገት የምንለው መኪና እንዲቀዘቅዝ አስፋልቱ ላይ የሚሠራውን ጉብታ ነው። ሐረጎ ግን መንገድ ሳይሆን ተራራው ላይ የተጣለ ገመድ ነው። መኪናዋ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ አሁን በቀኝ የነበረው ገደል በግራ ይመጣል፣ በግራ ያየሁት ደመና ከታች ይሆናል። ከባድ መኪና ከላይ ሲመጣ ሰይድ ጠርዝ ላይ ጠጋ ብሎ በእርጋታ ሰላምታ ይለዋወጣል። እኔ የፊተኛውን ወንበር የያዝኩ መስሎኝ፣ በኋላ ሳየው የያዝኩት የቄስ ሞላን ትከሻ ነው። እሳቸውም አላስለቀቁኝም። አንዱ እጥፋት ላይ ዞር ብዬ ባይ፣ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ተዘርግታ፣ ጭሷ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የምቀልደው ነገር ፈልጌ አጣሁ። ይኼ ደግሞ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ፍርሃቴን ለመርሳት ማውራት ጀመርኩ፤ ሽምግልናውን፣ የደብረ ሲናውን ማርሽ፣ ብቻዬን መቅረቴን። ሊያስቅ በሚችል መንገድ ነበር የነገርኳቸው። አልሳቁም። ሰይድ በመስታወቱ አየኝና ልጁ ምን ዓይነት ነው አለኝ። መልአክ ነው አልኩት። ቄስ ሞላ ዞር አሉ።

«የመልአክ ሽማግሌ አልሆንም፤ የሰው ልጅ ከሆነ ንገረኝ» አሉ።

ያኔ ነው ምን እያሰቡ እንደሆነ የገባኝ። አብረውኝ ሊቆሙ ነው። ሰይድ ግን አንድ ነገር አስቀደመ፤ በማላውቀው ልጅ የሰው ልጅ አልጠይቅም፣ ድምፁን ልስማው፣ ፊቱንም ልየው አለ። ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ሰፋ ያለ ጠርዝ ላይ ነው፤ እዚያ መኪናዋን አቆማት። ወርደን ነፋሱ ውስጥ ቆምን። ለናሆም በቪዲዮ ደወልኩና አንድ ቄስና አንድ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ሊጠይቁህ ነው አልኩት።

«ጋሼ፣ ዛሬስ አትቀልድ» አለና ዘጋው።

አልፈርድበትም። ልጁ በሕይወቱ ሙሉ ከእኔ የሰማው ነገር ግማሹ እንዲህ ያለ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሣም። ቀጠሮው እየቀረበ ነው። እኔ ቀልዴን ሁሉ እየረገምኩ ስዟዟር ቄስ ሞላ ቁጥሩን ተቀበሉኝና ከራሳቸው ስልክ ደወሉ። ሲነሣ መስቀላቸውን ካሜራው ፊት አደረጉ። ናሆም ከተቀመጠበት ብድግ ሲል አየሁት፤ ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

መጠጥ ትወስዳለህ ወይ አሉት። በበዓል አንድ ሁለት አለ። ሰይድ ተቀብሎ ስለ ጤናው፣ ከዚህ በፊት አግብቶ እንደሆነ ጠየቀው። ልጁ ላቡን እየጠረገ መለሰ። በመጨረሻ ሰይድ አባቷ ዛሬ እምቢ ቢሉ ምን ታደርጋለህ አለው።

«ሌላ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ ናሆም። «እሷ በቃህ እስክትለኝ።»

ሰይድ ስልኩን ለቄሱ መለሰና፣ ሠራተኛው ዛሬ መድኃኒት ቤቱን ብቻውን እንዲከፍት ደወለለት። ቄስ ሞላ ጧፉ ነገም ይገዛል አሉ። ተሳፈርን። እኔ የቀረውን ዳገት ገደሉን ሳላይ ወጣሁት፤ ፊት ለፊቴ ያሉትን ሁለት ማጅራቶች ነበር የማየው። ከአንድ ሰዓት በፊት የማላውቃቸው፣ ወንበር ለመጋራት ብቻ የተገናኘን ሰዎች ናቸው። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በብርድ ተኮራምታ ተቀበለችን። ቧንቧ ውሃ ስንደርስ አቶ ይማም በር ላይ ሆነው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ትልቅ፣ ሽበታም፣ ቁጣቸውን ጋቢያቸው ሥር ያስቀመጡ ሰው ናቸው። የቄሱን መስቀል ተሳልመው አስገቡን፣ ተቀመጡ አሉን። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ቄስ ሞላ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለው ጀመሩ። ዘመዶቻቸው ግድግዳውን ተደግፈው ያዩናል።

አቶ ይማም ሰይድን ለልጁ ምኑ እንደሆነ ጠየቁት። እኔ በፍጥነት የእናቱ ወገን ላደርገው አፌን ስከፍት ሰይድ ቀደመኝ።

«ምኑም አይደለሁም። ዛሬ ጠዋት መኪና ስንጋራ ነው አጎቱን ያወቅኋቸው። ልጁን ሐረጎ ላይ ቆመን በስልክ ጠየቅነው። ወላሂ፣ ያየሁትን ነው የምመሰክር።»

አንዱ ዘመድ ሽማግሌም እንደ ታክሲ ይጠራ ጀመር እንዴ ሲል ሰማሁ። አቶ ይማም ግን ሰይድን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ባለፈው የሚያውቁት ሰዎች ቀሩ፤ አሁን የማያውቁት መጡ» አሉ። ከዚያ ልጃቸውንም ራሳቸውንም ሊጠይቁ እንደሚፈልጉ ነግረውን፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኑ አሉን። እንጀራ ቀርቦ በላን። እሺም እምቢም አላሉም።

እሑድ

በወጉ ሽማግሌ ማመላለስ ያለ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ የእኔዎቹ ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ ናቸው፣ እሑድ ደግሞ ሰይድ አይሠራም፣ ቄስ ሞላ ቅዳሴ አለባቸው። ወይዘሮ ዘሃራ ዘንድ አድሬ ሲነጋ ቁርስ አልወርድልኝ አለ። አፑን ከፈትኩ። ሰይድ ምንም ወንበር አላወጣም። ሌላ የሚወስደኝ እየፈለግሁ ሳለ ደጅ ጥሩምባ ተነፋ።

ሰይድ ነው። ቄስ ሞላ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ከመቅደስ በቀጥታ እንደ መጡ ከልብሳቸው ሽታ ታወቀኝ።

«ወንበር አላወጣህም» አልኩት።

«ወንበሩ የተያዘ ነዋ፤ ምን ብዬ ላውጣ?» አለ።

አቶ ይማም ዛሬ ፊታቸው ለስለስ ብሏል። ልጃቸው በስልክ ፈቃዷን ነግራቸዋለች፣ ስለ ናሆምም አዳማ ካሉ የደሴ ሰዎች ጠይቀው መልካም ሰምተዋል። ቆመን ነው የምንሰማቸው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ የምትገባበት ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?»

«ናሆም አለ» አልኩ።

«ሌላስ?»

ቀልድ ፈለግሁ። እዚያች ቅጽበት ላይ አንድ ቀልድ ባገኝ ጥርሴን እሰጥ ነበር። በአንድ በኩል ሰይድ፣ በሌላ በኩል ቄስ ሞላ ለእኔ ቃል ብለው ቆመዋል። እኔ ብዋሽ የሚዋሹት እነሱ ናቸው።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

«እርስዎ ዘንድ ነው እንዴ የሚኖረው?»

«የለም። እኔ ነኝ እሱ ዘንድ የምኖረው። ሳሎን ነው የምተኛው።»

ሰይድ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ይኼን ሐረጎ ላይ አልነገርኩትም። አቶ ይማም አገጫቸውን ይዘው ቆዩ።

«ልጄ አማት የላትም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። «መቼ ትወጣለህ?» እርስዎ መሆኔ ያኔ አበቃ።

«ከሠርጉ በፊት።»

«በምን አምንሃለሁ?»

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ዋስ ነኝ፣ ካልወጣ ራሴ በዚህችው ቪትዝ አዳማ ሄጄ አወጣዋለሁ አለ። ቄስ ሞላ እኔም አብሬ እሄዳለሁ አሉ፤ ፊት ወንበሩ የእኔ ነው ብለው ጨመሩ። አቶ ይማም መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው ወጣ፣ ከዚያ ግድግዳውን የተደገፉት ሁሉ ሳቁ።

«ተቀመጡ» አሉን። በዚህ ጊዜ ተቀመጥን። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ለናሆም ደጅ ወጥቼ ደወልኩለት። አባቷ እሺ እንዳሉ ነገርኩት። እንዳይጠራጠረኝ ስልኩን ወደ ቄሱ አዞርኩለት። ከዚያ የገባሁትን ቃል ነገርኩት። ይዘላል ብዬ ስጠብቅ አልዘለለም።

«ጋሼ» አለ፣ «ታዲያ አንተ የት ልትገባ ነው?»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የወንድሜ ልጅ ሳሎን ውስጥ፣ የወንድሜ ልጅ የገዛው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ኪራዩንም አስቤዛውንም የሚችለው እሱ ነው፤ የራሴ ቤት ኖሮኝ አያውቅም።